የዕቅድ ውይይት፦ የፓኬት ቋት ማረሚያውን በጋራ ስለ መገምገም

ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ አባላት፤ ባለፈው እሑድ በተስማማነው መሠረት፣ በሊኑክስ ከርነል (የኮምፒውተሩን ሥራ በሚመራው የሥርዓቱ እምብርት) የኔትወርክ ክፍል ላይ የቀረበውን ማረሚያ፣ ማለትም ስሕተት የሚያርም የኮድ ለውጥ፣ መርምረን አስተያየታችንን የምንልክበትን የጋራ ሐሳብ ማርቀቅ ጀምሬያለሁ። ማረሚያው የሚነካው ጥቂት መስመሮችን ብቻ ነው። ፓኬትን (በኔትወርክ የሚላክ የመረጃ ጥቅልን) በሌላ ፓኬት ውስጥ ጠቅልሎ የሚያስተላልፍ አንድ የዋሻ ድራይቨር፣ ፓኬት ሲቀበል የውጭው የአይፒ ራስጌ (በፓኬቱ ፊት ያለው የመላኪያ መረጃ) በሜሞሪ ላይ ያለበትን ቦታ ገና በፈንክሽኑ መጀመሪያ ላይ በጠቋሚ ይይዛል፤ ከዚያ ራስጌው በተከታታይ ሜሞሪ ላይ መገኘቱን ለማረጋገጥ ፒኤስኬቢ ሜይ ፑል የተባለውን የከርነሉን ፈንክሽን ይጠራል፤ ቀጥሎም በዚያው በቀድሞው ጠቋሚ ያነባል። ጥሪው ፓኬቱን የያዘውን ቋት ወደ ሌላ ሜሞሪ ሊያዛውረው ስለሚችል፣ ጠቋሚው የተለቀቀ ቦታ ላይ እንደ ተተከለ ሊቀር ይችላል። ማረሚያው ጠቋሚው የሚያዝበትን መስመር ከጥሪው በታች አውርዶታል። በረቂቄ መጀመሪያ አንቀጽ ላይ «ማኅበሩ ማረሚያውን መርምሮ ትክክለኛነቱን በማኅተሙ ያረጋግጣል» ብዬ ጽፌያለሁ፤ እርማታችሁን እጠብቃለሁ።

አባል፣ ሸዋ ሮቢት

ለማብራሪያው አመሰግናለሁ። ሆኖም ረቂቁ «ችግሩን በሙከራ አይተናል» እንዲል ከተፈለገ ገና ነን። ማረሚያው ያልገባበትን ከርነል ካሳን ከተባለው፣ የተለቀቀ ሜሞሪ ሲነበብ ከሚጮኸው የሜሞሪ ፈታሽ ጋር አዘጋጅቼ ኪውኢሙ በተባለው ምናባዊ ማሽን አስነሣሁት፤ በሁለት የኔትወርክ ኔምስፔሶች (በአንድ ማሽን ውስጥ ተነጥለው በሚሠሩ ኔትወርኮች) መካከል ዋሻ ዘርግቼም ሌሊቱን ሙሉ ፓኬት ሳመላልስ አደርሁ። በዚህ በእኛ ሙቀት የጮኸው የማሽኑ ማራገቢያ እንጂ ካሳን አልነበረም። ችግሩ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ይሆን?

አባል፣ መሐል ሜዳ

የእኅታችን ሙከራ ዝም ማለቱ ችግሩ የለም ማለት እንዳልሆነ በረቂቁ ውስጥ በግልጽ መስፈር ይገባዋል፤ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። ኤስኬቢ የምንለው የፓኬቱ መዝገብ ነው፤ የፓኬቱ ይዘት የሚቀመጠው ግን ሄድ፣ ዳታ፣ ቴይል እና ኤንድ በሚባሉ አራት ምልክቶች በተከለለው ቋት ውስጥ ነው። ከዳታ እስከ ቴይል ያለው ተከታታይ ሲሆን፣ የተረፈው የፓኬቱ አካል በሌሎች የሜሞሪ ገጾች ላይ ተቆራርጦ ሊቀመጥ ይችላል። ፒኤስኬቢ ሜይ ፑል የተጠየቀው መጠን፣ ለምሳሌ የአይፒቪ4 ዝቅተኛ ራስጌ 20 ባይትና የዩዲፒ 8 ባይት በድምሩ 28፣ በተከታታዩ ክፍል ውስጥ ካለ ምንም ሳይነካ ይመለሳል። ከሌለ የጎደለውን ከቁርጥራጮቹ ይስባል፤ ከቴይል በኋላ በቂ ባዶ ቦታ ካገኘም እዚያው ላይ ይጨምረዋል። አዲስ ቋት ተመድቦ ይዘቱ የሚዛወረው ቦታው ሲያንስ ወይም ቋቱ ክሎን ተደርጎ፣ ማለትም ይዘቱ ሳይገለበጥ ሌላ ኤስኬቢ ተጋርቶት፣ ሌላ ባለቤት ሲኖረው ነው። የእኅታችን ፓኬቶች ራስጌያቸው በተከታታዩ ክፍል ውስጥ የነበረ ይመስለኛል፤ እንዲህ ከሆነ ጥሪው ከደጃፍ ተመልሷል።

በእኛ በመንዝ ቋት የወፍጮ ዱቄት የሚጠራቀምበት ነው። ዱቄቱ ወደ ሌላ ቋት ከተገለበጠ በኋላ በጨለማ ወደ አሮጌው እጁን የሚሰድ ሰው፣ አንዳንድ ቀን ጥራጊ ዱቄት ያገኝና ያልተገለበጠ ይመስለዋል። የክሎኑ ባለቤት አሮጌውን ቋት ይዞ ከቆየም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ሜሞሪው ገና ስላልተለቀቀ ካሳን የሚጮኽበት ምክንያት አይኖረውም። ስለዚህ ለሙከራ በምናዘጋጀው ከርነል ብቻ፣ ፒኤስኬቢ ሜይ ፑል በተጠራ ቁጥር ቋቱን ግድ እንዲያዛውር እንቀይረውና እንደገና እንሞክር። ይህ ቅያሪ ከእኛ ማሽን እንዳይወጣ አደራ።

ሊቀመንበር፣ ደብረ ብርሃን

ውይይቱ በጥሞና መካሄዱ አስደስቶኛል። ሁለት የአሠራር ነጥቦች አሉኝ። አንደኛው፣ በማኅበሩ ስም ወደ ውጭ የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ በደንባችን መሠረት ለወርኃዊው ጉባኤ ቀርቦ መጽደቅ አለበት። ሁለተኛው፣ ሥራው የጋራ ከሆነ ስሙም የጋራ ሊሆን ይገባል፤ አንድ ሰው ብቻውን ፈርሞ ሌሎቹ በስተኋላ የሚቀሩበትን አሠራር አልደግፍም።

አባል፣ አንኮበር

ጋሼ፣ የሁለተኛው ነጥብዎ መንፈስ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የከርነሉ ደንብ በዚህ መንገድ አያስኬደንም። ሪቪውድ ባይ የሚባለው መስመር፣ ስሙ የሰፈረው ሰው ማረሚያውን በራሱ መርምሮ ወደ ከርነሉ ለመግባት የበቃ መሆኑን የሚመሰክርበት ቃል ነው። በችሎት ፊት እድርም ሆነ ዕቁብ እንደ አካል ቆሞ «አይቻለሁ» እንደማይል ሁሉ፣ እዚህም ምስክርነቱ የሰው ነው። ኮዱን ያነበበ በስሙ ሪቪውድ ባይ ይጻፍ፤ ሙከራውን ያካሄደች በስሟ ቴስትድ ባይ ትጻፍ፤ ያላነበበ ሰው ስሙን ባለማስገባቱ የሚቀርበት ክብር የለም። ማኅተሙ ለራሳችን መዝገብ ይሁን።

ስለ ጉባኤው ደግሞ፣ የኔትወርክ ክፍሉ ተቆጣጣሪዎች ማረሚያን ብዙ ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ያዩታል። ይህ ነባር ስሕተትን የሚያርም ስለ ሆነ የሚሄደው ኔት ወደ ተባለው ዛፍ (የኮድ ማከማቻ) እንጂ አዳዲስ ሥራ ወደሚጠራቀምበት ኔት ኔክስት አይደለም፤ ስለዚህ ረጅም ጊዜ አይጠብቀንም። ወር ጠብቀን ብንልክ የምንገመግመው ያለቀለትን ነገር ይሆናል። ሦስት አባላት ያሉት ንዑስ ቡድን መላክ የሚችልበትን ሥልጣን አሁን ሰጥተን፣ ሪፖርቱ ለጉባኤው ይቅረብ ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አባል፣ መሐል ሜዳ

በአሠራሩ ከአንኮበሩ ወንድሜ ጋር እስማማለሁ። ከዚያ በላይ ያሳሰበኝ ግን ማረሚያው ጎዶሎ መሆኑ ነው። ፈንክሽኑን እስከ መጨረሻው ብታነቡት፣ የውስጠኛውን ፓኬት ራስጌ ለማግኘት ከታች ባለው መስመር ለሁለተኛ ጊዜ በጥሪ ይሳባል፤ ከዚያም በኋላ በውጭው ራስጌ ላይ ያለውን የመጨናነቅ ምልክት ወደ ውስጠኛው ለማስተላለፍ ያው የውጭ ጠቋሚ እንደገና ይነበባል። ማረሚያው የመጀመሪያውን ጥሪ ተሻግሮ ሁለተኛው ላይ ወድቋል። መስመሩን አሁንም ወደ ታች ማውረድ መፍትሔ አይሆንም፤ ሁለተኛው ጥሪ ከመድረሱ በፊት የኔትወርክ ራስጌው ምልክት ወደ ውስጠኛው ፓኬት ስለሚዛወር የውጭው ከዚያ በኋላ በምልክቱ አይገኝም።

መንገዱ አስቀድሞ የተጠረገ ነው። የከርነሉ የኔትወርክ ገንቢ ኤሪክ ዱማዜ በ2024 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ በተባለው የዋሻ ድራይቨር ላይ ተመሳሳይ ችግር ሲያርም፣ የውጭው ራስጌ ከቋቱ መነሻ ከሄድ ያለውን ርቀት በቁጥር ያዘ፤ ከሳበ በኋላም አዲሱ ሄድ ላይ ያንን ርቀት ደምሮ ጠቋሚውን አደሰ። መሳቡ ከፊት በኩል ቦታ ስለማይጨምር፣ ቋቱ ቢዛወርም ርቀቱ አይለወጥም። በምንገመግመው ፈንክሽን ደግሞ መሳቡ ሲከሽፍ ፓኬቱ በአንድ መውጫ በኩል አንዴ ብቻ መለቀቁን አይቻለሁ፤ በዚያ በኩል እንከን የለም።

አባል፣ ሸዋ ሮቢት

ሌላ ጥያቄ ላክል። የመጨናነቅ ምልክቱ ወደ ውስጠኛው ራስጌ ሲጻፍ ቋቱ ክሎን ከሆነ የሌላውን ባለቤት ፓኬት አናበላሽምን? ይህስ በአስተያየታችን ይካተት?

አባል፣ መሐል ሜዳ

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ማረሚያው የሚናገረው ስለ ማንበብ ነው። አንድ ማረሚያ አንድ ጉዳይ ይያዝ። ለብቻው አጥንተን በሌላ ጊዜ እናቅርበው።

ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን

በተሰጠኝ እርማት መሠረት ረቂቁን እንደሚከተለው አስተካክያለሁ። «ንዑስ ቡድኑ ማረሚያውን መርምሮ አስተያየቱን በአባላቱ ስም ይልካል። በአስተያየቱም የመጀመሪያው ንባብ በትክክል መታረሙን ይመሰክራል፤ ከሁለተኛው መሳብ በኋላ ያለው ንባብ ግን አሁንም በአሮጌ ጠቋሚ የሚካሄድ እንደሚመስለው ገልጾ፣ ርቀትን የመያዙን ዘዴ ይጠቁማል። ስሕተቱን መጀመሪያ ያስገባው ለውጥ ባለ 12 ፊደል መለያው ከነርእሱ በፊክስስ መስመር እንዲጠቀስም ይጠይቃል። አዲሱ ቅጂ ቀርቦ እስኪነበብ ድረስ ማንም አባል ሪቪውድ ባይ አይሰጥም።» ጋሼ ሊቀመንበር፣ ይስማማሉ?

ሊቀመንበር፣ ደብረ ብርሃን

የምስክርነቱ ነገር ገብቶኛል፤ እኔ ኮዱን ስላላነበብሁ ስሜ አይግባ። ሥልጣኑ ለንዑስ ቡድኑ ተሰጥቷል። መብራት ሸዋ ሮቢት ላይ ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም፣ ሁለተኛ ሙከራ መሐል ሜዳ ላይ ይደገም።

አባል፣ ሸዋ ሮቢት

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሙከራውን ቋቱ ግድ በሚዛወርበት ከርነል ደግሜዋለሁ። ማረሚያው ባልገባበት ካሳን በመጀመሪያው ንባብ ላይ ጮኸ። ማረሚያው ሲገባ ያኛው ጸጥ አለ፤ የመጨናነቅ ምልክቱ በሚነበብበት መስመር ላይ ግን ጮኸ። ጸሐፊያችን፣ «እንደሚመስለው» የሚለውን ቃል አውጥተው «መሆኑን በሙከራ አይቶ» ይበሉልኝ፤ ሙሉውን የካሳን ዘገባ ከአስተያየቱ ጋር አያይዤ ዛሬ እልካለሁ።