አስቸኳይ፦ የክላውድዎች ሜትሪክ ታይፕ ዴፋይን ካደረግኩ በኋላ ሬቱ አበደ፣ ሲፒዩው ዜሮ ሆነ፣ ግማሹ ዳታም የለም

ሚኪ_ባክኤንድ፦
ሰላም ሰዎች፣ በጣም አስቸኳይ ነው። ከክላውድዎች (የአማዞን ክላውድ መከታተያ) ሜትሪክ (የመለኪያ ቁጥር) እየሳበ ወደ ኢላስቲክሰርች (የዳታ ማከማቻና መፈለጊያ) የሚያስገባ የራሳችን ኢንተግሬሽን አለን። ትናንት ታይም ሲሪስ ሞድ (በየጊዜው ለሚለኩ ቁጥሮች የተዘጋጀ አቀማመጥ) አበራሁበት። እሱ ስለሚጠይቅ ፊልዶቹን በሙሉ በእጄ ዴፋይን አደረግኳቸው፣ ድሮ ዝም ብለን ለዳይናሚክ ማፒንግ (ታይፑን ራሱ እንዲገምት) ትተነው ነበር። ከዛ ወዲህ የላምዳ (የአማዞን ፈንክሽን ማስኬጃ) ጥሪዎች ሬት (በጊዜ የሚጨምርበት ፍጥነት) ግራፍ እንደ እብድ ይዘላል። የኢሲቱ (የአማዞን ሰርቨር) ሲፒዩ ቀጥ ብሎ ዜሮ ላይ ተኝቷል። የላምዳው ዶክመንት ብዛትም በግማሽ ቀንሷል፣ ኤጀንቱ (ዳታ ሰብሳቢው ፕሮግራም) ሎግ ላይ ግን አንድም ኤረር የለም!! ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ለደንበኛ ይታያል። ፊልዶቹ እንዲህ ናቸው፦

ኢንቮኬሽንስ ሰም (የጥሪዎች ድምር)፦ ታይፕ ሎንግ (ሙሉ ቁጥር)፣ ሜትሪክ ታይፕ ካውንተር
ኤረርስ ሰም፦ ታይፕ ሎንግ፣ ሜትሪክ ታይፕ ካውንተር
ፈንክሽን ኔም፦ ታይፕ ኪወርድ፣ ዳይሜንሽን (መለያ) ትሩ
ሲፒዩ አቨሬጅ፦ ታይፕ ሎንግ፣ ሜትሪክ ታይፕ ጌጅ (ከፍ ዝቅ የሚል የወቅቱ ዋጋ)፣ ዩኒት ፐርሰንት (ይሄ ሌላ ዳታ ስትሪም ላይ ነው፣ የራሱ ዳይሜንሽን አለው)

ካውንተር ላይ ሬት በትክክል እንዲሰራ ምን ላድርግ? የምታውቁ ቶሎ በሉልኝ።

የሌሊት_ፈረቃ፦
ሲፒዩ ዜሮ፣ ሎግ ላይ ኤረር የለም፣ ዳታው ቀንሷል። ወንድሜ ይሄ ችግር አይደለም፣ ጤና ነው። ስክሪንሾት አንስተህ ለደንበኛው ላክና ተኛ።

ገመድ_ቆራጭ፦
ኤጀንቱን ሪስታርት አድርገው።

ሚኪ_ባክኤንድ፦
አድርጌዋለሁ። ለውጥ የለም።

እቴ_ኩበርኔትስ፦
ቆይ፣ መጀመሪያ ነገር ለምን ራሳችሁ ጻፋችሁት? የኤደብሊውኤስ (የአማዞን ክላውድ) ኢንተግሬሽን ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ላምዳ አለው፣ ኢሲቱ አለው፣ ኤስኪውኤስ አለው። ፊልዶቹ በሙሉ ታይፓቸው ተሰጥቷቸው ነው የሚመጡት። እናንተ ደግሞ ከዜሮ ጀምራችሁ አሁን ሌሊት ላይ ሰው ትቀሰቅሳላችሁ።

ሚኪ_ባክኤንድ፦
እቴ፣ ግማሹ ሜትሪክ የራሳችን ኔምስፔስ ውስጥ ያለ ነው፣ በዝግጁው አልተመቸንም። እሱን ሌላ ቀን እንከራከርበት፣ በናትሽ።

እቴ_ኩበርኔትስ፦
እሺ። ግን ዝግጁው ውስጥ ገብተህ የላምዳውን ፊልድ ፋይል አንብበው። ያው አንተ የምትሰበስበውን ሜትሪክ እነሱ ምን ብለው እንደሰየሙት ታያለህ። ሌላ አልልም።

ጋሽ_ሊኑክስ፦
ልጆች፣ ይሄ ነገር እኮ አዲስ አይደለም። እኛ በኤምአርቲጂ (የትራፊክ ግራፍ መሳያ) ዘመን ራውተር በኤስኤንኤምፒ (የኔትዎርክ መሣሪያ መጠየቂያ) እየጠየቅን ትራፊክ ስንለካ ቁጥሩ 32 ቢት ካውንተር ነበር። 4,294,967,295 ሲደርስ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። 100 ሜጋቢት መስመር ከሞላ ስድስት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ይዞራል። በየአምስት ደቂቃው ስለምንጠይቅ ለጥቂት ነበር የምናመልጠው። መስመሩ ጊጋቢት ሲሆን ግን በሁለት ጥያቄ መሀል ደጋግሞ ይዞርና ግራፉ ዝም ብሎ ይዋሻል፣ ማንም አያውቅም። ከዛ 64 ቢቱ መጣ። በ1999 የወጣው አርአርዲቱል (የመለኪያ ቁጥር ማከማቻ) ደግሞ ዳታ ስታስገባ ታይፑን አስቀድመህ እንድትናገር ያስገድድህ ነበር። ጌጅ አለ፣ ካውንተር አለ፣ ዲራይቭ አለ፣ አብሶሉት የሚባልም አለ። አብሶሉት ማለት በተነበበ ቁጥር ወደ ዜሮ ለሚመለስ ቁጥር ነው። የዛሬ ልጅ ግን ያምል (የሴቲንግ ፋይል) ላይ የፈለገውን ይጽፍና ዳሽቦርዱን ይወቅሳል። ኔትዎርክ ሳታውቁ ክላውድ ላይ ወጣችሁ፣ ችግሩ እሱ ነው። በነገራችን ላይ በዛ ጊዜ ያንን ሁሉ የምንሰራበት ማሽን ራሙ ያሁኑን ስልካችሁን ሩብ አይሆንም ነበር።

የሌሊት_ፈረቃ፦
ጋሼ ሲጀምሩ ቡና አፍልቶ ማዳመጥ ነው 😂

ቤቲ_ዳታ፦
አትሳቁ፣ መልሱ እሳቸው ጽሑፍ ውስጥ አለ። የጋሼ አብሶሉት ማለት የሚኪ ኢንቮኬሽንስ ማለት ነው።

ሚኪ፣ ጥያቄህ ራሱ መስተካከል አለበት። ካውንተር ላይ ሬት እንዴት ይሰራል አይደለም፣ ይሄ ፊልድ ካውንተር አይደለም። ካውንተር ከስር ከስሩ እየተደመረ የሚሄድ ቁጥር ነው፣ እንደ ቤት የመብራት ቆጣሪ። ክላውድዎች ሰም ብሎ የሚሰጥህ ግን የዛችን ፔሬድ ድምር ብቻ ነው። አንድ ደቂቃ ላይ 120 መጣ በል፣ ቀጥሎ 80፣ ቀጥሎ 95። ሬት 120 ካየ በኋላ 80 ሲያይ ቆጣሪው ከዜሮ ጀመረ ብሎ ያስብና 80ውን እንዳለ እንደ አዲስ ጭማሪ ይወስደዋል። ከ80 ወደ 95 ሲሄድ ደግሞ 15 ብቻ ጨመረ ይልሃል። በዛች ደቂቃ በእውነት የተጠራው ግን 95 ጊዜ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲወርድ ትክክል፣ ሲወጣ ውሸት እየሆነ ግራፍህ ይዘላል።

ጌጅ አድርገው። ኪባና (የኢላስቲክሰርች ዳሽቦርድ) ላይ ሰም ተጠቀም፣ በሰከንድ ወይም በደቂቃ ከፈለግክ ድምሩን ለጊዜው ታካፍላለህ፣ ሌንስ (ኪባና ውስጥ ግራፍ መሳያው) ላይ በዩኒት ኖርማላይዝ የሚል ምርጫ አለልህ። ኤረርስም ያው ነው። ስሮትልስም (በገደብ የታገዱ ጥሪዎች)። ክላውድዎች ላይ በሰም የመጣ ነገር ሁሉ ጌጅ ነው ብለህ ብትጀምር አትከስርም።

ሲፒዩው ላይ ደግሞ አንድ ልጠይቅህ። ፓይፕላይኑ ውስጥ ለ100 ታካፍለዋለህ?

ሚኪ_ባክኤንድ፦
አዎ፣ ዩኒት ፐርሰንት ሲባል 1 ማለት 100 ፐርሰንት ነው ስለሚሉ። ክላውድዎች ከ0 እስከ 100 ነው የሚሰጠው።

ቤቲ_ዳታ፦
ማካፈልህ ልክ ነው። ሎንጉ ነው የገደለህ። 37 ፐርሰንት ለ100 ሲካፈል 0.37 ይሆናል። ሎንግ ፊልድ ውስጥ ሲገባ ኢላስቲክሰርች ኤረር አይሰጥህም፣ ኮኤርስ የሚባለው ሴቲንግ ሲጀመርም የበራ ስለሆነ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጦ 0 ያስገባዋል። ሲፒዩህ 99 ፐርሰንት ቢሆንም ዜሮ ነው የምታየው። ደብል (ከነጥብ በኋላ ያለውን የሚይዝ ታይፕ) አድርገው።

ገመድ_ቆራጭ፦
ኤጀንቱን ሪስታርት ሲያደርግ ፖሊሲው ከፍሊት (የኤጀንቶች ማስተዳደሪያ) በደንብ መውረዱን አይቷል? አንዳንዴ ሁለቴ ማድረግ ያስፈልጋል።

ዶቼ_ኮድ፦
ደብል ቦታ ይበላል፣ ስኬልድ ፍሎት (ተባዝቶ እንደ ሙሉ ቁጥር የሚቀመጥ) ይሻላል። ስኬሊንግ ፋክተሩን 1000 አድርግና ጨርስ፣ ለፐርሰንት እሱ ነው የሚመከረው።

ቤቲ_ዳታ፦
ይሰራል፣ አልቃወምም። ግን ለነገ ጠዋት ለቸኮለ ሰው ሌላ የሚያስብበት ቁጥር አትጨምርበት። ደብል አድርጎ ይደር፣ ዲስኩን በኋላ ያስብበታል።

ዶቼ_ኮድ፦
ሌላም ነገር። ካውንተር ላይም እኮ ሰምና አቨሬጅ ይፈቀዳል። እኔ ሞክሬው ኤረር አልሰጠኝም። ታዲያ ካውንተርነቱን ትቶለት ዳሽቦርዱ ላይ ሬትን በሰም ቢቀይር አይበቃም?

ቤቲ_ዳታ፦
ይፈቀዳል፣ የድሮ ዳሽቦርዶች እንዳይሰበሩ ብለው ነው የተውት። እውነተኛ ካውንተር ላይ ውጤቱ ትርጉም የለውም። የሚኪ ውሸታም ካውንተር ላይ ለዛሬ ልክ ቁጥር ያሳየዋል። ችግሩ ዳውንሳምፕሊንግ (የቆየ ዳታን ማጠቃለል) ሲያበራ ነው። ዳውንሳምፕሊንግ ለጌጅ ሚኒመም፣ ማክሲመም፣ ሰምና የቁጥሮቹን ብዛት ያስቀምጣል። ለካውንተር ግን የመጨረሻውን ዋጋ ብቻ ነው የሚያስቀረው፣ ምክንያቱም ካውንተር ከሆነ እሱ ይበቃል። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሃምሳ ዘጠኝ ደቂቃ ጥሪ ጠፍቶ የመጨረሻዋ ደቂቃ ብቻ ትቀራለች። ከሦስት ወር በኋላ ነው የሚያውቀው። ያኔ ደግሞ ኦሪጅናሉ የለም።

እና ሊንት (የፋይል መመርመሪያው) አልፏል ብላችሁ አትተማመኑ። ሊንት ፋይሉ በትክክል መጻፉን እንጂ ከዛ ማዶ ያለው ቁጥር ምን ዓይነት እንደሆነ አያውቅም።

ሚኪ_ባክኤንድ፦
ገባኝ፣ ሁለቱን እየቀየርኩ ነው። የጠፋው ግማሽ ዶክመንትስ? ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

የሌሊት_ፈረቃ፦
አሁን ከምር ልመልስ። ስንት ሪጅን ነው የምትሰበስቡት?

ሚኪ_ባክኤንድ፦
ሁለት። ቨርጂኒያና አየርላንድ። ምን አገናኘው?

የሌሊት_ፈረቃ፦
ሁለቱም ጋ ያሉት ፈንክሽኖች ስማቸው አንድ ነው አይደል? ያው በአንድ ስክሪፕት ነው የምታወጧቸው።

ሚኪ_ባክኤንድ፦
አዎ አንድ ነው።

የሌሊት_ፈረቃ፦
አለቀ። ታይም ሲሪስ ሞድ ላይ የዶክመንቱ መታወቂያ የሚሰራው ከዳይሜንሽኖቹና ከታይምስታምፑ ነው። አንተ ዳይሜንሽን ያደረግከው ፈንክሽን ኔምን ብቻ ነው። የቨርጂኒያውና የአየርላንዱ በአንድ ደቂቃ ሲመጡ ለኢላስቲክሰርች አንድ ዶክመንት ናቸው። አንደኛው ይገባል፣ ሁለተኛው 409 (ግጭት አለ) ተብሎ ይመለሳል። ሎግህ ላይ ኤረር የሌለው ደግሞ ቢቶች (ኤጀንቱ ውስጥ ያሉት ዳታ ላኪ ፕሮግራሞች) 409ን እንደ ብልሽት ስለማያዩት ነው። ይሄ ዶክመንት ድሮም ገብቷል ማለት ነው ብለው ዱፕሊኬት ውስጥ ቆጥረው ያልፉታል። የኤጀንቱን የራሱን ሜትሪክ ክፈትና ከአውትፑት ኢቨንቶች ውስጥ ዱፕሊኬትስ የሚለውን እየው። እዛ ቁጥሩ እያደገ ከሆነ የጠፋው ዳታህ እሱ ነው።

ሪጅንን ዳይሜንሽን አድርግ። አካውንት አይዲንም ጨምር፣ ነገ ሁለተኛ አካውንት መምጣቱ አይቀርም። ኤሊያስ (ለቨርዥን የሚሰጥ ተለዋጭ ስም) ወይም ቨርዥን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ላምዳ ያንኑ ሜትሪክ አንዴ በፈንክሽን ኔም ብቻ፣ አንዴ በፈንክሽን ኔምና በሪሶርስ ይልከዋል። ሪሶርስንም ጨምረው፣ አለዚያ እዛም ይጋጫሉ። እና ድምር ስትሰራ ሁለቱን አብረህ እንዳትደምር፣ ጥሪው እጥፍ ሆኖ ይታይሃል።

ጋሽ_ሊኑክስ፦
የሌሊት ፈረቃ ሲቀልድ የሚውል ይመስለኝ ነበር። በርታ ልጄ።

የሌሊት_ፈረቃ፦
ጋሼ፣ እኔም ከእርስዎ ነው የተማርኩት። ራሙን ሳይጨምር 😂

ሚኪ_ባክኤንድ፦
ዱፕሊኬትሱ ይነበባል፣ በጣም ትልቅ ነው!! ሁሉንም ቀይሬ አዲስ ቨርዥን ጫንኩ። ሲፒዩው ግን አሁንም ዜሮ ነው። ምንድን ነው ነገሩ?

እቴ_ኩበርኔትስ፦
ሮልኦቨር (ወደ አዲስ ኢንዴክስ መሻገር) አድርገሃል? አንዴ የተፈጠረ ኢንዴክስ (የዳታ መያዣ) ላይ ሎንግ ወደ ደብል አይቀየርም። አዲሱ ማፒንግ አዲሱ ኢንዴክስ ላይ ነው የሚሰራው።

ገመድ_ቆራጭ፦
ሮልኦቨር አድርግ።

ሚኪ_ባክኤንድ፦
አድርጌያለሁ፣ አዲስ ኢንዴክስ ተፈጥሯል። ማፒንጉም ደብል ይላል። ግን ባዶ ነው፣ ዳታው አሁንም ወደ አሮጌው እየገባ ነው። ልፈነዳ ነው።

ቤቲ_ዳታ፦
አትፈንዳ፣ ይሄ ታይም ሲሪስ ሞድ ላይ የተለመደ ነው። እዛ ዶክመንት ወደ አዲሱ ኢንዴክስ የሚሄደው አዲስ ስለሆነ አይደለም። በታይምስታምፑ ነው የሚመራው። እያንዳንዱ ኢንዴክስ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት አለው፣ የአሮጌው ማብቂያ ደግሞ ከአሁን ትንሽ ወደ ፊት የተቀመጠ ነው። አዲሱ የሚጀምረው ያ ሰዓት ሲያልፍ ነው። አዳዲስ ቨርዥኖች ላይ 30 ደቂቃ ያህል ነው፣ የቆዩት ላይ እስከ 2 ሰዓት ይሄዳል። የአሮጌውን ኢንዴክስ ሴቲንግ ክፈት፣ ኢንድ ታይም የሚል አለ፣ እሱን እይ። ዩቲሲ ነው የተጻፈው፣ የአዲስ አበባ ሰዓት ለማድረግ 3 ሰዓት ጨምር። እስከዛ ምንም አትንካ። በተለይ ዳታ ስትሪሙን አጥፍቼ ልጀምር እንዳትል፣ የትናንቱን አብረህ ታጣለህ።

ዶቼ_ኮድ፦
የትናንቱ ሲፒዩ እኮ ድሮም የለም። ታይም ሲሪስ ሞድ ላይ ሶርሱ ሲንተቲክ ነው፣ የላክነውን ጄሰን እንዳለ አያስቀምጥም። ዜሮ ተብሎ የተቀመጠው ዜሮ ሆኖ ነው የሚመለሰው፣ 0.37ቱ የትም አልተጻፈም።

ቤቲ_ዳታ፦
ትክክል፣ ኢላስቲክሰርች ውስጥ የለም። ክላውድዎች ላይ ግን አለ። የአንድ ደቂቃው ዳታ 15 ቀን ይቆያል፣ የአምስት ደቂቃው 63 ቀን። መልሶ መሳብ ይቻላል፣ ክፍያ እንዳለው ግን እወቅ። በጌትሜትሪክዳታ (የክላውድዎች መጠየቂያ) የተጠየቀ 1000 ሜትሪክ 1 ሳንቲም ዶላር ነው፣ ለአንድ ቀን ያህል አይጎዳም። የሳብከውን በዚሁ ታይም ሲሪስ ውስጥ ላስገባ ብትል ግን በታይምስታምፑ ወደ አሮጌው ኢንዴክስ ይሄድና ዶክመንቱ ድሮም አለ ተብሎ በ409 ይመለስብሃል። ተራ ኢንዴክስ ውስጥ አስገባውና ዳሽቦርዱን በሁለቱም ላይ አድርገው። ለነገ ግን አትድከም፣ የጊዜ ማጣሪያውን ከዛሬ ሌሊት ጀምር በለውና አሳይ።

እቴ_ኩበርኔትስ፦
ሚኪ፣ እንዴት ሆነ?

የሌሊት_ፈረቃ፦
3 ሰዓት አልፏል። ወይ ተሳክቶለት ተኝቷል፣ ወይ ሲቪ እያዘጋጀ ነው።

ገመድ_ቆራጭ፦
ሪስታርት ሳያደርገው አልቀረም።

አዲስ_ገቢ፦
ይቅርታ በዚሁ ላይ ልጠይቅ። እኛ አዡርና ጉግል ክላውድ ነው የምንጠቀመው። አዡር ላይ ቶታል የሚል አለ፣ እሱ ካውንተር ነው? ጉግል ላይ ደግሞ ሜትሪኩ ራሱ ዴልታ ወይም ኪውሙሌቲቭ ይላል።

ቤቲ_ዳታ፦
የአዡር ቶታል የዛ ጊዜ ድምር ነው፣ ስለዚህ ጌጅ። ጉግል ራሱ ስለሚነግራችሁ እድለኞች ናችሁ። ኪውሙሌቲቭ ካለ ካውንተር፣ ዴልታ ካለ ጌጅ። ግን ስትስቡ አላይነር (ቁጥሮቹን በእኩል ጊዜ የሚያጠቃልል) ካደረጋችሁበት ኪውሙሌቲቩም ወደ ሬት ወይም ወደ ዴልታ ተቀይሮ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ዶክመንቴሽኑን ብቻ አትመኑ፣ ተከታታይ አስር ቁጥር አውጡና እዩ። መሀል ላይ ደጋግሞ ወረድ የሚል ከሆነ ጌጅ ነው።