ለሐይቅ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባዬ ምን ዓይነት ረዳት ሞተር ልግዛ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ጀልባዬ 17 ጫማ ርዝመት ያላት የአሉሚኒየም ጀልባ ስትሆን ከኋላዋ ባለ 90 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። አዘውትሬ የምወጣው ሚል ላክስ ሐይቅ ላይ ነው፤ ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ የማጠምደውም በዝግታ እየነዳሁ ማጥመጃውን ከኋላ በመጎተት ነው። ትልቁ ሞተር ግን በሚኒሞ እንኳ በሰዓት ከ3 ማይል በታች አይወርድልኝም። ስለዚህ ትንሽ ረዳት ሞተር ልጨምር አስቤያለሁ። ባለ 4፣ ባለ 6 ወይስ ባለ 9.9 ጉልበት? ወይስ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ይሻላል? ዋናው ሞተር ቢቆምብኝ ወደ ዳር እንዲመልሰኝም እፈልጋለሁ። የምታውቁ እባካችሁ አማክሩኝ።

መልስ፣ ከሴንት ፖል

ወንድሜ፣ የኤሌክትሪኩን ቶሎ አትለፈው። ድምፅ የለውም፣ ጀልባዋን ከፊት ሆኖ ስለሚስባት አቅጣጫዋን አታጣም፤ በጂፒኤስ የሚሠሩትማ መልሕቅ ሳትጥል አንድ ቦታ ላይ ያቆሙሃል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጀልባዋ ከነሰዉና ከነዕቃው ለምትመዝነው ለእያንዳንዱ 100 ፓውንድ ቢያንስ 2 ፓውንድ የመግፋት ኃይል ያስፈልጋል። ያንተ ከ2,000 ፓውንድ አታንስም፤ ንፋሱ ሲጨመርበት ባለ 24 ቮልቱንና ባለ 80 ፓውንዱን ውሰድ። ማታ ማታ ባትሪ መሙላት ካልሰለቸህ ሌላ አያስፈልግህም።

መልስ፣ ከዱሉት

ከላይ የተጻፈው ለትንሽ ሐይቅ እውነት ነው፤ ለሚል ላክስ ግን አልስማማም። ጠያቂው ወደ ዳር የሚመልሰኝ ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ባትሪ ማታ ንፋስ ሲነሣ አያድንም። እኔ ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣ የማጠምደው በቤንዚን ረዳት ሞተር ነው፤ ምክሬም ባለ 9.9 ግዛ የሚል ነው።

ጉልበቱ ለፍጥነት እንዳይመስልህ። የዚህን ያህል ክብደት ያላት ጀልባ በውሃው ላይ ተነሥታ መንሸራተት ካልጀመረች፣ በባለ 6ም ሆነ በባለ 9.9 የምትሄደው ከ5 እና ከ6 ማይል ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ የሚታየው ማዕበልና ንፋስ ፊት ለፊት ሲመጡ ነው። ስለዚህ ከጉልበቱ ቁጥር ይልቅ ማርሹንና ፕሮፔለሩን ተመልከት። ለምሳሌ ያማሃ ተራውንም ከባድ ጀልባ ለመግፋት የተሠራውንም ባለ 9.9 ይሸጣል። የተራው ማርሽ 2.08 ለ1 ነው፤ ማለትም ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ሞተሩ 2.08 ጊዜ ይዞራል። የሌላው ግን 2.92 ለ1 ነው፤ ፕሮፔለሩም ሰፊ ነው። ሰፊ ፕሮፔለር ቀስ ብሎ ሲዞር በዝግታ መሄድንም፣ ወደ ኋላ መመለስንም፣ ንፋስ ውስጥ መስመር መያዝንም ያመቻል። ሞተር የሚገዛ ሰው ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ ባይከፍል ደስ ይለኛል።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ ትል ለምትጎትትበት 1 ማይል አካባቢ፣ ዓሣ ለሚመስለው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ደግሞ ከ1.5 እስከ 2.5 ማይል ይበቃል። ሞተሩ ያን ያህል ዝቅ ካላለልህ በጎን የሚጣለውን የጨርቅ ከረጢት ተጠቀም፤ ውሃ ሞልቶ ጀልባዋን ይይዝልሃል።

መልስ፣ ከሲያትል

በጀልባ ሞተር ጥገና እተዳደራለሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሞተሩን ወደ ውሃው በሚያወርደው ዘንግ ርዝመት ነው። ዘንጉ በ15፣ በ20 እና በ25 ኢንች ይመጣል። ረዳት ሞተር የሚሰቀለው በጎን ስለሆነ ጀልባዋ ስታዘነብል ፕሮፔለሩ ከውሃ ይወጣና በባዶ ይጮኻል። የጀልባህን የኋላ ግድግዳ ከፍታ ለካ፤ 20 ኢንች ከሆነ ባለ 25ቱን እመርጥልሃለሁ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባዋ ሆድ አንድ ኢንች ያህል ዝቅ ይበል።

ባለ አራት ምት ይሁን። ባለ ሁለት ምት ሞተር ለረጅም ሰዓት በዝግታ ሲሄድ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል። ነዳጁን ከትልቁ ሞተር መስመር ላይ በቲ ቅርጽ ቱቦ ብቻ አትቅጠል፤ አንዱ በሌላው በኩል አየር ሊስብ ይችላል። ከታንኩ የራሱ መሳቢያ ይኑረው። ሚኒሶታ ውስጥ ኢታኖል ያልተቀላቀለበት ቤንዚን ለጀልባ ስለሚፈቀድ እሱን ቅዳ፤ በተለይ ሞተሩ ክረምቱን ቆሞ የሚያሳልፍ ከሆነ።

ክብደቱንም አስብበት፤ ባለ 6ቱ 26 ኪሎ ገደማ ሲሆን ከባድ ገፊው ባለ 9.9 ወደ 50 ኪሎ ይደርሳል። ጀልባዋ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ከተጻፈው የክብደት ጣሪያ እንዳታልፍ። ረዳቱን ከትልቁ ሞተር ጋር በማያያዣ ብረት ብታገናኘው ሁለቱንም በአንድ መሪ ታዞራቸዋለህ።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

እኔ ጣና ላይ ጀልባ እነዳለሁ፤ እንደ እናንተ በመጎተት አላጠምድም። ግን ሚል ላክስ ጥልቀቱ 13 ሜትር ገደማ መሆኑን አነበብሁ፤ ጣናም ቢበዛ 14 ሜትር ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ንፋስ ሲነካው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ስለዚህ ባለ 9.9 ያለው ወንድማችን ልክ ነው። ሌላው አረም ነው። እኛ እምቦጭ ውስጥ ካለፍን በኋላ ሞተሩ ከኋላው የሚተፋውን ቀጭን ውሃ እናያለን። ከቀጠነ ወይም ከቆመ ወዲያው አጥፋው፤ የማቀዝቀዣው መግቢያ ተዘግቷል ማለት ነው። ረዳቱ በዝግታ ስለሚሠራ ሙቀቱን ሳታስተውለው ልትቆይ ትችላለህ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁት፤ 20 ኢንች ነው። ከባድ ገፊውን ባለ 9.9 በባለ 25 ኢንች ዘንግ አዲስ ልገዛ ወስኛለሁ። እንደገዛሁ በቀጥታ ለማጥመድ ልውጣበት?

መልስ፣ ከሲያትል

አይሆንም፤ የመጀመሪያዎቹን 10 ሰዓታት ፍጥነቱን እየለዋወጥህ አለማምደው። ቀኑን ሙሉ በአንድ ዝግታ ብትጎትትበት የፒስተኑ ቀለበቶች በደንብ አይቀመጡም። ከ20 ሰዓት በኋላ የሞተሩንና የማርሹን ዘይት ቀይር። ከዚያም በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ለረጅም ሰዓት ስትጎትት በየመሀሉ ለጥቂት ደቂቃ ጉልበቱን ከፍ አድርገው፤ ካልሆነ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መለኪያውን ስታወጣ ከምልክቱ በላይ ካለፈና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ቀይረው።

መልስ፣ ከዱሉት

ከሐይቁ ስትወጣ ሁለቱንም ሞተሮች ወደ ታች አድርገህ ውሃቸውን አፍስስ፤ የጀልባዋን የውሃ ማፍሰሻ ውታፍም ነቅለህ ጉዞ ጀምር። በሚኒሶታ ሕግ ግዴታ ነው፤ ሚል ላክስ ውስጥ ያለው ዜብራ መስል የሚባለው ባለ ሁለት ቅርፊት ትንሽ የውሃ እንስሳ ወደ ሌላ ሐይቅ የሚሻገረው በእንዲህ ያለ የቀረ ውሃ ነው።