ዊንዶውስ፣ ኡቡንቱና ማክ ባሉበት ቢሮ ሳምባ ያዋጣል?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ። አዲስ አበባ በአንድ መካከለኛ ቢሮ የአይቲውን ሥራ የምሠራው ብቻዬን ነው። 31 ዊንዶውስ፣ 6 ኡቡንቱ (ሊኑክስ) እና 4 ማክ ኮምፒውተሮች አሉን። ሁሉም የየራሱ የይለፍ ቃል አለው። በቅርቡ ሥራ የለቀቀ ሰው አካውንት ሦስት ማሽን ላይ ሳይዘጋ አገኘሁት። በጣም ደነገጥኩ። ስለዚህ አካውንቶቹን ሁሉ ከአንድ ሰርቨር መቆጣጠር ፈልጌያለሁ።

ዊንዶውስ ሰርቨር ከራሱ ዋጋ ሌላ ለየተጠቃሚው ወይም ለየመሣሪያው ፈቃድ ስለሚያስገዛ በጀታችን አይችለውም። ፍሪአይፒኤ (አካውንቶችን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር ነፃ ሶፍትዌር) ለሊኑክስ ግሩም ነው፤ የእኛ ቢሮ ግን አብዛኛው ዊንዶውስ ነው። ስለዚህ ልቤ ወደ ሳምባ (ሊኑክስ ላይ ሆኖ የዊንዶውስ ሰርቨርን ሥራ የሚሠራ ነፃ ሶፍትዌር) አዘንብሏል። ከ4.0 ስሪቱ ወዲህ ዶሜን ኮንትሮለር (የቢሮውን አካውንቶች በአንድ ላይ ይዞ መግቢያ የሚፈትሽ ሰርቨር) መሆን ይችላል፤ ግሩፕ ፖሊሲም (ለማሽኖቹ ከአንድ ቦታ የሚላክ ደንብ) ለዊንዶውሶቹ ይደርሳል።

የቸገረኝ ሰዓት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ባትሪያቸው ያረጀ ማሽኖች ሰዓታቸው ይዛባል። ኬርቤሮስ (ዶሜኑ የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጥበት ዘዴ) ደግሞ በማሽኑና በሰርቨሩ ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካለ አያስገባም። ለሙከራ ያስገባኋቸው ሁለት ማሽኖች በዚሁ ምክንያት ጠዋት እምቢ አሉኝ።

ሰርቨሩን የሰዓት ምንጭ አድርጋችሁ የተገላገላችሁ አላችሁ? ሁለተኛ ኮንትሮለር ባስገባስ? ሲስቮል (የፖሊሲ ፋይሎቹ ያሉበት ፎልደር) በሳምባ ከአንዱ ኮንትሮለር ወደ ሌላው በራሱ ስለማይገለበጥ ፋይሎቹን በአርሲንክ (ፋይል በሚገለብጥ ፕሮግራም) ማመሳሰል ይበቃል? ማኮቹንስ ዶሜን ውስጥ ላስገባቸው ወይስ ለብቻቸው ልተዋቸው? የሞከራችሁትን ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።