የፔጆ 404 የአሉሚኒየም ጌጥ በብራሶ አልጠራ አለ፤ ምን ይሻላል?

ጀጎል404 (ሐረር)
ሰላም ለሁላችሁ። የ1968 ሞዴል ፔጆ 404 ቀለም ከመግባቱ በፊት የጎኑንና የመስኮት ሥሩን ጌጥ አውልቄ ማደስ ፈልጌያለሁ። ማግኔት አይዛቸውም። ላያቸው ጉም የለበሰ ይመስላል፣ አልፎ አልፎ ነጫጭ ነጠብጣብ አለባቸው፤ አንደኛው መሃሉ ላይ የአውራ ጣት ያህል ገባ ብሏል። በብራሶ ስፈትጋቸው ጨርቁ እንኳ አይጠቁርም። ጉሙ በምን ይለቃል? ጎድጓዳውስ? ካበራሁት በኋላ ክሊር (ቀለም አልባ መሸፈኛ ቀለም) ይረጭ የሚሉኝ አሉ፣ ሰም ይበቃል የሚሉም አሉ።

ከዚራ ጋራዥ (ድሬዳዋ)
አቦ፣ ዋናውን ምልክት ራስህ ጽፈኸዋል። ራቁት አሉሚኒየም በብራሶ ሲፈተግ ጨርቁ ወዲያው ይጠቁራል። ካልጠቆረ ብራሶው ብረቱ ጋ አልደረሰም፤ ፋብሪካው የሰጠው አኖዳይዝ (አሉሚኒየሙ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን) ገና ላዩ ላይ አለ ማለት ነው። ጉም የመሰለህ እሱ ነው። ፀሐይና ሳሙና ሲያረጁት ይደበዝዛል፣ ግን ከአሉሚኒየሙ በጣም ስለሚጠነክር በእጅ አይጠራም። መጀመሪያ መነሳት አለበት።

ከዚያ በፊት ግን አሉሚኒየም መሆኑን አረጋግጥ። ማግኔት ብቻውን አይበቃም፣ ብዙ ስቴንለስም በማግኔት አይያዝም። ከጀርባው በኩል በሞረድ ትንሽ ጫር አድርገህ አንድ ጠብታ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ጣልበት፤ አሉሚኒየም ከሆነ ይፈላል፣ ስቴንለስ ዝም ይላል።

ማንሻው ያው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ለ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ኪሎ። ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውሃው ቀስ እያልክ ጨምር፤ ውሃ ሶዳው ላይ ካፈሰስክ ፈልቶ ፊትህ ላይ ይረጫል። ዓይንህን የሚሸፍን መነጽርና ረጅም የላስቲክ ጓንት ግድ ነው። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ ደጅ ሥራው፣ ሲጋራም እሳትም አይቅረብ። ለረጅሙ ጌጥ ባለ 4 ኢንች የፍሳሽ ፒቪሲ ቱቦ ቁመቱን ሰንጥቀህ ሁለት ጫፉን ብትደፍነው ጥሩ ገንዳ ይወጣዋል። የአሉሚኒየም ድስት ወይም ሳፋ እንዳትጠቀም፣ ይበላዋል።

ስትነክረው መጀመሪያ እዚህም እዚያም ይፈላል። አረፋው ሁሉም ቦታ እኩል ሲሆን አኖዳይዙ አልቋል፣ አውጣው። በየሁለት ደቂቃው እያየህ ከ10 ደቂቃ በታች ይጨርሳል። ሰዉ የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ "ትንሽ ይቆይ" ሲል ብረቱ ራሱ ይበላና ላዩ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ውሃው በሞቀ ቁጥር ይፈጥናል፣ ስለዚህ የድሬ እኩለ ቀን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጠቁሮ ቢወጣ አትደንግጥ። በብዙ ውሃ እጠበው፣ ከዚያ እጥፋቱ ውስጥ የቀረውን ሶዳ በአቼቶ ግደለው።

መነሳቱን በቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ኦም ላይ አድርገህ እወቅ። አኖዳይዝ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ጌጡ ላይ ሳትጭን አስነካ፤ ዜሮ አካባቢ ካነበበ ነጽቷል።

ወይራ መዶሻ (ሐረር)
ጎድጓዳውን አኖዳይዙ ከተነሳ በኋላ፣ ከብርጭቆ ወረቀት በፊት አውጣው። አኖዳይዙ እያለ ከቀጠቀጥከው ይሰነጣጠቃል።

ፊቱን ወደታች አድርገህ አሸዋ የሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ አስተኛው። ጫፉን እንደ ጌጡ ቅርጽ ያሾልከው የወይራ እንጨት ከጀርባ ደግፈህ በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ አድርግ፤ ከጎድጓዳው ዳር ጀምረህ ወደ መሃል። መሃሉን በአንድ ምት ላውጣ ካልክ ተዘርግቶ እብጠት ይሆናል፣ እብጠት ደግሞ ከጎድጓዳ ይብሳል። አልታዘዝ ካለህ ጠንክሯል። እዚያው ቦታ ላይ ብቻ ደረቅ ሳሙና ቀብተህ ከጀርባ በጋዝ እሳት አሙቀው፤ ሳሙናው ጥቁር ቡናማ ሲሆን እሳቱን አንሳ። ዓይንህ ከሳሙናው አይነሳ፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት አይቀላም፣ 660 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ምልክት ሳይሰጥ ይፈሳል።

ወረቀቱን በ400 ጀምር (ጥልቅ ጭረት ካለ ብቻ 320)፣ ከዚያ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፤ ሁሉም በሳሙና ውሃ። በየቁጥሩ አቅጣጫ ቀይር፣ የፊተኛው ጭረት መጥፋቱን የምታየው እንደዚያ ነው። የ600 ጭረት ከቀረ በኋላ በጨርቅ ጎማ (ማጥሪያ ተቀብቶ የሚሽከረከር የጨርቅ ክብ) ስታበራው ቁልጭ ብሎ ይወጣና መመለስ ነው። ወረቀቱን በጣት አትያዘው፣ ማዕበል ይሠራል፤ የነጠላ ጫማ ሶል ቆርጠህ ጠቅልልበት፣ ለጎባጣውም ይመቻል። የብረት ሱፍ እንዳታስጠጋ፣ ስባሪው ተሰክቶ ይቀርና ዝገት ያወጣል።

የጨርቅ ጎማ በግራይንደር ላይ ከሆነ ጌጡን ሙሉ ርዝመቱን ጣውላ ላይ እሰረው። ቀጭን ጌጥ ጎማው ከያዘው ጠምዝዞ ይወረውረዋል። ከጎማው መሃል በታች ብቻ አስነካ፣ ጠርዙን ሽሽ። ቡናማው ማጥሪያ መጀመሪያ፣ ነጩ በሌላ ጎማ። ጥቁሩን ቅሪት በላምባ ጥረግ።

ድሬ ባቡር (ድሬዳዋ)
ክሊር አትርጭ። መስታወት የሆነ አሉሚኒየም ላይ ቀለም የሚይዝበት ነገር የለም። አንድ ጠጠር ሲመታው እርጥበት ከሥሩ ይገባና እንደ ሸረሪት ድር ነጭ መስመር ይሠራል። ያን ጊዜ ሁሉንም ፍቀህ ከዜሮ ነው። ጥሩ የመኪና ሰም በየሁለት ወሩ ይበቃል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ይቅር፤ አልካሊ ስለሆነ አኖዳይዙን መጀመሪያም ካደበዘዙት አንዱ እሱ ነው።

ለዘለቄታው የሚሻለው እንደገና አኖዳይዝ ማድረግ ነው፣ በቤትም ይሠራል። የባትሪ አሲድ ከእኩል የተጣራ ውሃ ጋር (አሲዱን ወደ ውሃው)፣ ካቶዱ (ከኔጌቲቭ የሚያያዘው) የእርሳስ ብረት፣ ጌጡ ከፖዘቲቭ፣ 12 ቮልት፣ በ100 ካሬ ሴንቲሜትር 1.2 አምፔር አካባቢ። 1 ሜትር በ3 ሴንቲሜትር የሆነ ጌጥ ሁለት ገጹ ሲደመር 7 አምፔር ይፈልጋል ማለት ነው። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። አሲዱ ከ21 ዲግሪ ካለፈ ሽፋኑ እንደ ዱቄት ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ድሬ ላይ ያለ በረዶ አይሞከርም። አንተ ሐረር ነህ፣ ጠዋት ይሆንልሃል። በመጨረሻ የአዲሱ ሽፋን ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚደፈኑት በፈላ የተጣራ ውሃ ውስጥ ነክሮ በማቆየት ነው፤ ግን ሐረር ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከተለመደው ግማሽ ሰዓት በላይ አቆየው።

ጀጎል404
እግዜር ይስጥልኝ። አኖዳይዙን በትርፍ ቁራጭ እሞክረዋለሁ። የድሮዎቹ ክሊፖች ዝገዋል፣ አጽድቼ ልመልሳቸው?

ከዚራ ጋራዥ
አትመልስ። ያ ነጫጭ ነጠብጣብ ክሊፖቹ በነበሩበት ቦታ ትይዩ መሆኑን ተመልከት። ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ላይ ሲነካኩ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የፕላስቲክ ክሊፕ ካገኘህ እሱን፤ ካጣህ አዲሱን የብረት ክሊፕ ጸረ ዝገት ቀብተህ ከደረቀ በኋላ በግሪስ አስገባው፣ ከዳዶው ሥርም የላስቲክ ሮንዴላ አድርግ። የበሩን ቀዳዳ ጠርዝ ደግሞ ቀለም ሲገባ አብረህ አስቀባው።