ገዋኔ አካባቢ ከአስፋልት ያነሳናት ኤሊ፤ ምን እናድርጋት?

ባለተሳቢው፦
ሰላም ቤተሰብ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ። ዛሬ ጭኜ ስመለስ አፋር ውስጥ ገዋኔን አለፍ እንዳልኩ አንዲት ኤሊ አስፋልቱ መሃል ቆማለች። መካከለኛ ድስት ታክላለች። ጀርባዋ ቢጫ ሆኖ ጥቁር በጥቁር ተዥጎርጉሯል። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ላይ የተኛውን ውሃ ትጠጣለች። ከኋላዬ ሌላ ተሳቢ እየመጣ ነው። ረዳቴ ዘሎ ወርዶ አፈፍ ሲያደርጋት ሱሪው ላይ ለቀቀችበት። ጋቢናው እስካሁን ይሸታል።

አሁን አዋሽ አርባ ቆመናል። ረዳቴ አዳማ ወስጄ ለልጆቼ እሰጣታለሁ ይላል። "እዚያ ምን አለ? ድንጋይና ፕሮሶፒስ! ግቢዬ ውስጥ ቢያንስ ጎመን ታገኛለች" ነው የሚለኝ (ፕሮሶፒስ ያ ሜዳውን የወረረው እሾሃም ዛፍ ነው)። እኔን ልቤ እምቢ አለኝ። ምን ትላላችሁ?

በዚያው ሌላም ልጠይቅ። በዚህ መስመር ዝናብ በጣለ ሌሊት የእንቁራሪቱ ጩኸት አያስተኛም። ለወራት ጠብታ ያልታየበት ሜዳ ላይ ከየት ነው የሚመጡት?

የቆላዋ መምህርት፦
ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ይህ ነገር ደግሞ ትንሽ ያሳብደኛልና ረዘም ካልኩ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ሰፊና ዝቅ ባለ ሳህን ውሃ ስጧት። ኤሊ ለድርቅ ጊዜ የሚሆናትን ውሃ የምታስቀምጠው የሽንት ፊኛዋ ውስጥ ነው፤ ስትደነግጥ ትለቀዋለች። ረዳትህ ሱሪ ላይ የፈሰሰው ስንቋ ነው። ዝናብ ባይኖር ኖሮ ይህ ብቻውን ሊገድላት ይችል ነበር።

ጎመኑ ይቅርባት። ይቺ ሳር በል ናት። በቤት ምግብ ያደገች ኤሊ ቅርፊቷ እያበጠ ይጣመማል። ልጆቹም ቢሆኑ እሷን ነክተው እጃቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊይዛቸው ይችላል። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል። ኬላ ላይ ማን ሊያብራራ ነው?

ወደ እንቁራሪቶቹ ልምጣ። እዚያው ነበሩ፣ መሬት ውስጥ። የኋላ እግራቸው ተረከዝ ላይ እንደ አካፋ ጠንካራ እብጠት ያላቸው ዓይነቶች አሉ። በእሱ ወደ ኋላ እየቆፈሩ ይገባሉ፤ እርጥበቱ እስኪመጣ ሳይንቀሳቀሱ ይቆያሉ። ሲዘንብ ይወጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ። ጭራ ያላቸው ልጆቻቸው ኩሬው ሳይደርቅ እግር ማውጣት አለባቸው፤ ስለዚህ ጥድፊያ ነው።

በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙት እንቁራሪቶች አብዛኞቹ የደጋ ናቸው። የቆላዎቹ ግን ከሶማሊያና ከኬንያ ጋር የምንጋራቸው ስለሆኑ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ይህ ያበሳጨኛል።

ለሹፌሮች አንድ ልመና አለኝ። እንቁራሪት በአፏ አትጠጣም፤ ሆዷን እርጥብ መሬት ላይ ለጥፋ በቆዳዋ ነው የምትስበው። ውሃው ውስጥ ያለ መርዝም በዚያው ይገባል። የተቃጠለ ዘይት መንገድ ዳር ጉድጓድ ውስጥ አትድፉ። ናፍጣ በነካ እጅም አትያዟት።

የገዋኔ ልጅ፦
ድንጋይና ፕሮሶፒስ የተባለው ትንሽ ቢያመኝም ግማሹ እውነት ነው። ፕሮሶፒስ የግጦሹን ሳር ውጦታል። ከብቱም ኤሊውም የሚበላው አጣ። ከአስፋልቱ የሚወርደው ውሃ ግን መንገድ ዳሩን ያለመልመዋል፤ ለዚህ ነው ጎማ ሥር የሚመጡት። ወደነበረችበት መልሷት እንጂ ሀገር አታስለቅቋት።

ጎማ ቀያሪው፦
ኤሊዋስ ትሁን፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌሊት መኪና ሥር ስገባ እፉኝቱ ነው 😅

የቆላዋ መምህርት፦
ባትሪ አብራ፣ ሽፍን ጫማ አድርግ፣ ለጎማ ታኮ የምትፈልገውን ድንጋይ በባዶ እጅህ አታንሳ። ከነደፈህ መቁረጥ የለም፣ መምጠጥ የለም፣ አጥብቆ ማሰርም የለም። እግርህን ሳታንቀሳቅስ ሐኪም ቤት።

ወራጁ፦
ባለተሳቢው፣ እኔም አዋሽ አርባ ነው ያደርኩት። ንጋት ላይ ባዶዬን ወደ ጅቡቲ እወርዳለሁ። ስጠኝና ላድርሳት።

ባለተሳቢው፦
ተባረክ! ነዳጅ ማደያው ጋ ነኝ። ረዳቴ አኩርፏል፤ ግን ካርቶን ፈልጎ ቀዳዳ ያበጀላት እሱው ነው። ከገዋኔ መለስ ብሎ፣ ጥምዝዙን ሳትጨርስ ጎማው የተከመረበት ቦታ አለ። በአንተ አቅጣጫ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደች ነበር።

የቆላዋ መምህርት፦
እንግዲያውስ በቀኝ በኩል፣ ከመንገዱ ራቅ አድርገህ ቁጥቋጦ ጥላ ሥር አስቀምጣት። ፀሐይ ሳይከር ድረስ። ስትይዛት ደግሞ በሁለት እጅህ፣ ከመሬት ብዙም ሳታርቃት፤ ሁለተኛ እንዳትለቅብን።