በእኔ አካውንት ብቻ ፕለጊኑ ጠፋ፣ ድረሱልኝ!

ተማሪዋ፦ ኧረ ባካችሁ! ፋየርፎክስ ብሮውዘር ላይ ፕለጊኑ (ቪዲዮውን የሚያጫውተው ተጨማሪ ፕሮግራም) ጠፋብኝ። የትምህርቱ ቪዲዮ አልከፈት አለኝ፣ ጥቁር ሳጥን ብቻ ነው የሚታየው። እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። እዚሁ ኮምፒውተር ላይ በእህቴ አካውንት ትናንት በደንብ ይሠራ ነበር። ሁለቴ አጥፍቼ አብርቻለሁ።

ጥቁር መስኮት፦ ፋየርፎክስን አጥፊና እንደገና ጫኚው።

ነባር አባል፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ድሮ ፕለጊን የሚባሉት፣ እነ ጃቫና ሲልቨርላይት፣ ከ2017ቱ ፋየርፎክስ 52 ጀምሮ አይሠሩም። ፍላሽ ብቻ ተርፎ ነበር፣ እሱም በ2020 መጨረሻ አበቃለት። ስለዚህ የምትፈልጊው ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ሊሆን ይችላል። ሰው ሁለቱን እያደባለቀ ነው የሚቸገረው።

ተማሪዋ፦ ኤክስቴንሽን አይደለም። ዋይድቫይን ነው የሚለው፣ የተቆለፈ ቪዲዮ የሚከፍተው።

ካርድ ሠሪ፦ ጥቁር ሳጥን ከሆነ ፕለጊን ሳይሆን የግራፊክስ ድራይቨር፣ የስክሪኑን ምስል የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ነው።

ሌሊት ተረኛ፦ ድራይቨሩማ ለሁለቱም አካውንት አንድ ነው። ተማሪዋ፣ ዋይድቫይን የሚቀመጠው በየሰው ፕሮፋይል (ፋየርፎክስ የየሰዉን ነገር በሚያስቀምጥበት ፎልደር) ውስጥ ነው። ለዚህ ነው በእህትሽ ያለው ባንቺ የጠፋው። ሴቲንግ ውስጥ ዲአርኤም (የቅጂ መከላከያ ቁልፍ) ያለበትን ይዘት አጫውት የሚል ሳጥን አለ። ምልክት አለው?

ጥቁር መስኮት፦ አጥፍታ እንደገና ብትጭነው እኮ ያልቃል።

ሌሊት ተረኛ፦ አያልቅም ወንድሜ። ፕሮግራሙን ስታጠፋው ፕሮፋይሉ ሆም በሚባለው የራስህ ፎልደር ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

የቡና ሰዓት፦ በእህትሽ አካውንት እዪውና ተገላገዪ!

ተማሪዋ፦ እህቴ ወጥታለች፣ ፓስወርዷን አላውቅም። ምልክቱ አልነበረም፣ አሁን አደረግኩት። ግን አሁንም አይወርድም። ትናንት የዋይድቫይኑን ፎልደር ከእሷ አካውንት በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያሠራው ትዕዛዝ) ኮፒ አድርጌው ነበር፣ እሱ ችግር ያመጣል?

ሌሊት ተረኛ፦ እንዴታ! ይሄን ቀድመሽ ብትነግሪን ኖሮ! በአድራሻው ሳጥን አባውት፣ ሁለት ነጥብ፣ ሰፖርት (about:support) ብለሽ ጻፊ። የፕሮፋይል ፎልደር ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁልፍ ስትጫኚ ፎልደሩ ይከፈታል። በጂኤምፒ ጀምሮ ዋይድቫይን የሚል ያለበትን ፎልደር ፈልጊ። ባለቤቱ ማን ነው?

ተማሪዋ፦ ባለቤትም ቡድንም የሚለው ላይ ሩት (የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ) ይላል። ከሱ በስተቀር የቀሩት ሁሉ በኔ ስም ናቸው።

ሌሊት ተረኛ፦ በቃ፣ እሱ ነው። በሱዶ ኮፒ ያደረግሽው የሩት ንብረት ሆነ። ፋየርፎክስ ደግሞ በአንቺ ስም ነው የሚሠራው፣ እዚያ ውስጥ መጻፍ አይችልም። ኮፒ ማድረጉም ብቻውን አይበቃም፣ የትኛው ቨርዥን እንደተጫነ ሌላ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ፋየርፎክስን ዝጊ። ያንን አንድ ፎልደር ብቻ በሱዶ አጥፊው። ስሙን ሁለቴ አንብቢ፣ ሙሉ ፕሮፋይሉን እንዳታጠፊው፣ ፓስወርዶችሽ እዚያ ናቸው! ከዚያ ፋየርፎክስን ያለ ሱዶ ክፈቺና ምልክቱን አንስተሽ መልሺው።

ጥቁር መስኮት፦ ቻውን በሚባለው ትዕዛዝ ባለቤትነቱን ወደራሷ ብትመልሰውስ?

ሌሊት ተረኛ፦ እሱም ያስኬዳል። ግን ውስጡ ያለው የተገለበጠ ስለሆነ አዲስ ቢወርድ ይሻላል።

ተማሪዋ፦ አጠፋሁት። አሁን ፕለጊኖች የሚለው ገጽ ላይ ዋይድቫይን መጣ! ግን በቅርቡ ይጫናል ይላል። ሌላ ምንም የለም።

ሌሊት ተረኛ፦ እያወረደ ነው፣ ኢንተርኔቱን አታቋርጪ። የቨርዥን ቁጥር ሲመጣ የቪዲዮውን ገጽ እንደገና ክፈቺ።

የቡና ሰዓት፦ ተማሪዋ፣ ደረስሽ?