ለገና ማታ ራት ምን ዓይነት ማጀቢያ ሙዚቃ ይሻላል?

ጠያቂ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)
ዘንድሮ ለገና ማታ የእኔም የባለቤቴም ቤተሰቦች እኛ ቤት ይሰባሰባሉ። አማቴና እህቶቻቸው ሙስሊሞች ስለሆኑ ለእነርሱ የሚሆነውን በግ ጎረቤታችን ለብቻው ያርዱልናል፤ ድስቱም ይለያል። የምግቡ ነገር በዚህ ያለቀ ሲሆን ያስቸገረኝ የሙዚቃው ነው። ያለፈው ፋሲካ ወንድሜ ትልቁን ስፒከር መሶቡ አጠገብ አስቀምጦ የዘመኑን ዘፈን ስለለቀቀው፣ ጆሯቸው የደከመው አያቴ የሚነገራቸውን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» እያሉ በፈገግታ ሲያልፉት አመሹ፤ እኛም እየተጯጯህን በላን። አሁን የአምባሰልና የባቲ ዘፈኖችን ብቻ ልደረድር፣ ለአማቴ ክብር ደግሞ መንዙማ ልጨምር አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የጦሳ ጥግ
አሳብዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን አምባሰልን ለማጀቢያነት መምረጥዎን አልደግፍም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከምንላቸው 4 ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የአገራችንን የወሎን ቦታዎች ስም የያዙ ናቸውና፣ የእኛ ሰው እነርሱን እየሰማ ዝም ብሎ መብላት አይሆንለትም። በእኛ ቤት የማሪቱ ለገሰ ድምፅ ከተሰማ አባቴ የጠቀለሉትን ጉርሻ በእጃቸው እንደያዙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ወጡ ከጣታቸው ወደ አንጓቸው ሲወርድ እንኳ አይታወቃቸውም፤ ግጥሙ እስኪያልቅም ማንም አያናግራቸውም። ስለዚህ በማዕድ ላይ ቃል የሌለውን ይምረጡ፦ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ወይም የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ። ለእኔ ከሁሉም የሚስማማኝ በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ያረፉት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው፤ ጨዋታ ሲደምቅ ወደ ኋላ ይላል፣ ዝምታ ሲሆን ደግሞ ክፍተቱን ይሞላል። ስፒከሩን ከመሶቡ አርቀው በክፍሉ ጥግ ያስቀምጡት፤ ከአያትዎ ፊት ለፊት ተቀምጠው በተለመደ ድምፅዎ ያናግሯቸው፤ «ምን አልሽ?» ካሉዎት ገና አልቀነሰም ማለት ነው። ዘፈኑ ለቡናው ይቆይ፤ አቦል ሲቀዳ አባትዎ ራሳቸው ይጠይቁዎታል።

ከኮምቦልቻ
በሙስሊም ቤት ያደግሁ ስለሆንሁ ስለ መንዙማው ብቻ ልናገር። መንዙማ አላህ የሚወደስበት፣ ነቢዩም የሚሞገሱበት ነው፤ ድቤ እየተመታ፣ አውራጁ ሲያወርድ ሌላው እየተቀበለ፣ ሰው ልቡን ሰብስቦ የሚቀመጥለት እንጂ ከሥሩ ሳቅና የሳህን ኳኳታ የሚሰማበት አይደለም። አማቴን አከበርሁ ብለው ቢከፍቱት፣ እርሳቸው አንድም ምግቡን ትተው ያዳምጣሉ፣ አንድም እየተሳቀቁ ይበላሉ። የበገና ድርደራም እንዲሁ ነው፤ በጾም ወራት ለተመስጦ የሚደረደረውን ዶሮ ወጥ እየተጎራረሱ ቢሰሙት ለእርስዎስ ደስ ይልዎታል? አክብሮቱን በድስቱ አሳይተዋል፤ እርሱ ይበቃል።

ሰኞ ገበያ
ሁለት ነገር ልጨምር። ቴሌቪዥኑን ያጥፉት፤ የበዓል ፕሮግራሙ ከስፒከሩ ጋር ሲሻማ የትኛውም አይሰማም። ሁለተኛም፣ በዓል ሲሆን መብራት መጥፋቱ አይቀርምና ስፒከሩንም ስልኩንም ከቀትር ጀምሮ ቻርጅ ያድርጉ፤ ሙዚቃውንም ስልክዎ ላይ አስቀድመው ያውርዱት፤ ኔትወርኩ አብሮ ሊሄድ ይችላልና።

ጠያቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መንዙማውን ትቼዋለሁ፤ ማሪቱንም ለቡናው አስቀምጫታለሁ። ትናንት ማታ ፒያኖውን ከፍቼ ከአያቴ ጋር ሞከርነው፤ ሁለት ጊዜ ከቀነስሁት በኋላ ስለ በጉ ዋጋ አንድ በአንድ ጠየቁኝ፣ ሲሰሙም ደነገጡ። ወንድሜ ግን «ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?» ብሎ አኮረፈ፤ የቡናውን ከሰል እንዲያቀጣጥል አዝዤዋለሁ።